ፒሮ እውነት ከገደል ይገባ ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጎንደር የምማር የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ሆስፒታል ገብተን ሕሙማን ማየት ጀምረናል። አንደኛ ዓመት ላይ በወሰድነው የፍልስፍና ትምህርት ስለ ግሪካዊው ተጠራጣሪ ስለ ፒሮ ሰምቼ ወደድኩት፤ ከዚያ በኋላ በራሴ ማንበብ ቀጠልኩ። በቅርቡ ግን ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም ስለ እሱ የጻፈው እጄ ገባ። የፒሮን ትምህርት ሰው ሁሉ አጥብቆ ቢከተለው ንግግርም ሥራም ይቆማል፣ ሰው ፈዝዞ እንደተቀመጠ በረሃብ ያልቃል ይላል። ደነገጥኩ። እኔም ሕመምተኛ ፊት ቆሜ «ይሄ ይሆን? ያኛው ይሆን?» ስል እጄ የሚያዝ ይመስለኛል። አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ ሁሉንም ነገር ቁርጥ አድርጎ ስለሚናገር ይደነቃል። ሂዩም እውነቱን ነው? መጠራጠሩን ልተወው?

መልስ፦ ልጄ፣ አትተይው። ሂዩም በዚህ ጉዳይ ፒሮን በድሎታል ብዬ አምናለሁ። ዘርዘር አድርጌ ላሳይሽ፤ ነገሩ አንቺ ከቆምሽበት አልጋ አጠገብ ሩቅ አይደለምና።

መጀመሪያ ያለውን በትክክል እንያዘው። ስኮትላንዳዊው ሂዩም ስለ ሰው ማስተዋል የጻፈውን መጽሐፍ በ1748 ሲያሳትም (በዚህ ገጽ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የመጨረሻውን ምዕራፍ ለተጠራጣሪዎች ሰጠው። እዚያ አንቺን ያስደነገጠሽን ነገር ይናገርና ወዲያው ደግሞ ይህ ጥፋት ብዙም አያሰጋም ይላል፤ ተፈጥሮ ከመርህ ሁሉ ትበረታለችና። ተጠራጣሪው የቱንም ያህል ጥልቅ ክርክር ቢደረድር፣ ከኑሮ የመጣ እዚህ ግባ የማይባል ጉዳይ ጥርጣሬውን ይበትንበታል፤ ከሕልሙ ሲነቃም በራሱ ላይ ከሚስቁት ሁሉ ቀድሞ ይስቃል። እንግዲህ ክሱ ትምህርቱ ይገድላል የሚል ብቻ አይደለም። ጭራሹን የሚኖሩበት ትምህርት አይደለም፣ ከክፍሉ በር አያልፍም ማለቱ ነው። ለእኔ ከባዱ ክስ ይህኛው ነው።

ሂዩም ይህን ያለው ከራሱ ደርሶበት ነው። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ አብዛኛውን ፈረንሳይ አገር ላ ፍሌሽ በምትባል ከተማ ተቀምጦ በጻፈውና በ1739 መታተም በጀመረው የመጀመሪያ ሥራው ውስጥ፣ ምርመራው የት እንዳለና ምን እንደሆነ እስኪጠፋው ድረስ እንዳጨለመበት ይነግረናል። ከዚያ ጨለማ ያወጣው ሌላ ክርክር አልነበረም። እራቱን በላ፣ ከወዳጆቹ ጋር ጠረጴዛ ከቦ ተጫወተ፣ አወራ፣ ሳቀ፤ ሦስት አራት ሰዓት ቆይቶ ወደ ሐሳቡ ሲመለስ ሁሉም ቀዝቅዞና አስቂኝ ሆኖ ታየው። ይህን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ለሂዩም ያለኝ ፍቅር ይጨምራል፤ እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው በፈላስፎች መካከል ብዙ አይገኝም። ግን የራሱን ጭንቀት ለፒሮ አለበሰው። ሂዩም ሲጠራጠር መቆሚያ አጣ። ፒሮና ተከታዮቹ በተቃራኒው፣ ፍርድን በይደር ማቆየት፣ ማለትም ስለ ነገሮች ባሕርይ «እንዲህ ነው»ም «አይደለም»ም ከማለት መቆጠብ፣ ልብን ያሳርፋል ነው የሚሉት። ፒሮ በመርከብ ሲጓዝ ማዕበል ተነሥቶ አብረውት ያሉት ሲሸበሩ፣ እሱ ዝም ብላ ምግቧን የምትበላ አሳማ አሳያቸውና «ጠቢብ እንዲህ ረግቶ መቆየት አለበት» አላቸው ይባላል። የላ ፍሌሹ ወጣት ከተሠቃየበት ጥርጣሬ ይሄኛው ምን ያህል እንደሚርቅ አየሽ?

ደግሞስ ሂዩም የሚዋጋው የትኛውን ፒሮ ነው? ፒሮ በግሪክ ምዕራብ በኤሊስ ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ360 ገደማ ተወልዶ ዘጠና ዓመት ያህል የኖረ ሰው ነው። ከሞተ አምስት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ የፈላስፎችን ሕይወት የሰበሰበው ዲዮጀነስ ላኤርቲየስ የሚከተለውን ወሬ ያቀርባል፦ ፒሮ ዓይንና ጆሮውን ስለማያምን ከምንም አይጠነቀቅም ነበር፤ ጋሪ ቢመጣበት፣ ገደል ቢያጋጥመው፣ ውሻ ቢያባርረው ዘወር አይልም፤ ከሞት የሚያተርፉት እግር በእግር የሚከተሉት ወዳጆቹ ነበሩ። ይህ ወሬ ሁለት ሺህ ዓመት ተጉዟል። ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ላይ፣ ወዲያው ተከትሎ፣ ከፒሮ በኋላ ትምህርቱን ያደሰው ኤኔሲዴሞስ ይህን እንደማይቀበል ተጽፏል፤ ፒሮ ፍርዱን በይደር የሚያቆየው በፍልስፍናው እንጂ በዕለት ኑሮው ጥንቃቄ የጎደለው ሰው አልነበረም ይላል። ዘጠና ዓመት መሙላቱም የተጻፈው እዚያው ነው። ገደል ዓይቶ ዘወር የማይል ሰው ዘጠና ዓመት አይሞላውም።

ይኸው ጸሐፊ ፒሮን አዋላጅ ከሆነችው እህቱ ጋር በአንድ ቤት ሲኖር፣ አንዳንድ ጊዜ ዶሮና የአሳማ ግልገል ይዞ ገበያ ሲወርድ፣ ቤት ሲያጸዳ ያሳየናል። የኤሊስ ሰዎች ሊቀ ካህናት አድርገው ሾመውታል፤ ስለ እሱ ክብር ብለውም ፈላስፎች ግብር እንዳይከፍሉ ወስነዋል። አንድ ከተማ መንገድ ላይ ጋሪ የማያይ ሰው ለመሠዊያዋ አትሾምም። እኔ የገበያውን ፒሮ አምናለሁ።

ትምህርቱን ጽፎ ያቆየልን ደግሞ እንደ አንቺ የሕክምና ሰው ነው። ሴክስቱስ ኢምፒሪኩስ ይባላል፤ በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ እንደኖረ ይገመታል። «ተጠራጣሪ መኖር አይችልም» የሚለውን ክስ ከሂዩም አሥራ አምስት መቶ ዓመት ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ መልሱንም ሰጥቷል። ማር ይጣፍጠኛል፣ አልክድም፤ በይደር የማቆየው ማር በባሕርዩ ጣፋጭ ነው ወይ የሚለውን ነው ይላል። ተጠራጣሪ የሚኖረው የሚታየውንና የሚሰማውን ተከትሎ ነው። ተፈጥሮ ማየትና ማሰብ ሰጥታዋለች። ራብ ወደ ምግብ፣ ጥም ወደ ውኃ ይነዳዋል። ያገሩ ሕግና ወግ አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ አንቺን የሚመለከተው የመጨረሻው ነው፦ የተማረው ሙያ አለ። በሙያችን ሥራ ፈት አይደለንም ይላል በግልጽ። ስለዚህ በረሃብ ማለቅ የሚባል ነገር የለም። ሂዩም ይህን መልስ አንስቶ አላፈረሰውም፤ ዝም ብሎ አልፎታል።

ስለ ሕክምና የጻፈውማ ሊነበብልሽ ይገባል። በዘመኑ የነበሩ «ኢምፒሪክ» የሚባሉ ሐኪሞች የበሽታ ሥውር ምክንያት ፈጽሞ ሊታወቅ አይችልም ይሉ ነበር። ስሙ ራሱ ከእነሱ ወገን የሚያስቆጥረው ሴክስቱስ ይህን አልተቀበለም፤ «ፈጽሞ አይታወቅም» ማለትም ቁርጥ ያለ ፍርድ ነውና። ለተጠራጣሪ የሚቀርበው፣ ከሕመሙ ምልክት ወደሚስማማው ሕክምና የሚሄደው፣ ስለ ሥውሩ ነገር «ይታወቃል»ም «አይታወቅም»ም የማይለው ሐኪም ነው አለ። ብርድ የበረታበት ሰው ወደ ሙቀት እንዲሸሽ፣ ምልክቱ ራሱ መንገድ ያሳያል። አንቺም ትኩሳት ያለበት ልጅ ፊት ስትቆሚ ሙያሽ ያስተማረሽን ለመሥራት የትኩሳቱን የመጨረሻ ምክንያት በእርግጠኝነት መያዝ የለብሽም። ትለኪያለሽ፣ ትመረምሪያለሽ፣ ከአንቺ የሚበልጠውን ትጠይቂያለሽ፣ የሚገባውን ትሰጫለሽ፤ ከዚያ ተመልሰሽ ታያለሽ። እጅ የሚይዘው ጥርጣሬው አይደለም። ሳላውቅ አንዲት ነገር ማድረግ የለብኝም የሚለው እምነት ነው፤ ይህ እምነት ደግሞ የፒሮ ሳይሆን የተቃዋሚዎቹ ነው።

ከሂዩም በፊት ይህን በደንብ ያየ ሰው ነበር። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንታኝ የሴክስቱስ መጽሐፍ በ1562 በላቲን ከታተመ በኋላ አንብቦት ከቃላቱ በጥናት ክፍሉ ጣሪያ ተሸካሚ እንጨቶች ላይ አስጽፏል። ያን የጋሪና የገደል ወሬ ጠቅሶ አይቀበለውም፤ ፒሮ ራሱን ድንጋይ ወይም ጉቶ ሊያደርግ አልፈለገም፣ ሕያው፣ የሚናገርና የሚያስብ ሰው ሊሆን ነው የፈለገው ብሏል። የሂዩምን ክስና የሞንታኝን አንድ ዐረፍተ ነገር አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ ፒሮን የማገኘው በሞንታኝ ውስጥ ነው።

አሁን ሂዩምን ፍትሕ ልንነፍገው አይገባም። ከዚያው ምዕራፍ ሳይወጣ ለዘብ ያለ ጥርጣሬ ይጠቅማል፣ በትክክል የሚያስብ ሰው በምርመራውና በውሳኔው ሁሉ ጥቂት ጥርጣሬ፣ ጥንቃቄና ትሕትና ሊለየው አይገባም ይላል፤ ይህ ትሕትና ደግሞ ከፒሮ ትምህርት ሊገኝ እንደሚችል ራሱ ይመሰክራል። የፍልስፍና ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፖፕኪን በ1951 እንዲያውም ሂዩም ራሱ ፒሮናዊ ነው ብሎ ተከራክሯል። በ1980 ደግሞ እንግሊዛዊው የፍልስፍና ምሁር ማይልስ በርንየት ክሱን በአዲስ መልክ አነሣው። ጥያቄው ተጠራጣሪው ይበላል ወይስ አይበላም አይደለም፤ ይበላል። ነገር ግን «ሁለቱ ወገን እኩል ይመዝናሉ» ብሎ ሲያርፍ ይህን ራሱን እያመነ አይደለም ወይ? ካመነስ ያለ እምነት የሚኖር ሰው የት አለ? ማይክል ፍሬደ የተባለው ጀርመናዊ ምሁር በበኩሉ ሴክስቱስ እምነትን ሁሉ አልጣለም፣ የጣለው የነገርን ሥውር ባሕርይ አውቄያለሁ ማለትን ነው ብሏል። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሴክስቱስ ግን በርንየት ለሚያነሣው መሰል ነገር የሰጠው ምላሽ አለ፦ የእኛ ቃል እንደሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው፣ ክፉውን ጠርጎ ሲያወጣ ራሱም አብሮ ይወጣል። ኮሶ የጠጣ ሰው ያውቀዋል፤ ትሉ ሲወጣ ኮሶውም ሆድ ውስጥ አይቀርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ከሴክስቱስም ጋር እለያያለሁ። ሴክስቱስ ራሱ ያነሣዋል፦ ጨካኝ ገዢ ለአፍ የሚቀፍ ነገር እንዲፈጽም ቢያስገድደው ተጠራጣሪ ምን ያደርጋል? ያገሩ ሕግና ወግ በልቡ እንዳሳደሩበት አንዱን ይመርጣል፣ ሌላውን ይሸሻል ይላል። ሕጉ ራሱ ክፉ ቢሆንስ? ወጉ ደካማውን የሚረግጥ ቢሆንስ? እዚህ ላይ መልሱ ባዶ ነው። ስለ ፒሮ ከሚወሩት ሁሉ የሚያመኝም ይህን የሚመስለው ነው፤ መምህሩ አናክሳርኮስ ረግረግ ውስጥ ወድቆ ሳለ ፒሮ ሳይረዳው አልፎ ሄደ፣ ሌሎች ሲነቅፉት አናክሳርኮስ ግን ግዴለሽነቱን አመሰገነለት ይባላል። ይህ ተራ ወሬ ይሁን እውነት፣ ትምህርቱ ሊደርስበት የሚችለውን ቦታ ያሳያል። ሂዩም ሊከስ ይገባው የነበረው በዚህ ነበር። ሰው በጥርጣሬ በረሃብ አይሞትም፤ ጎረቤቱን ረግረግ ውስጥ ትቶ ሊያልፍ ግን ይችላል።

ሌላም ታሪክ ግን አለ። ፒሮ አንድ ቀን ስለ እህቱ ስለ ፊሊስታ ተቆጣ። አንዱ «የታለ ግዴለሽነትህ?» ቢለው፣ ግዴለሽነት የሚታየው በደካማ ሴት ጉዳይ አይደለም ብሎ መለሰለት። ውሻ ዘሎበት የደነገጠ ጊዜም፣ ሰውነትን ጨርሶ ማውለቅ ይከብዳል ብሏል። እነዚህን ሁለቱን አጥብቀሽ ያዢያቸው። ስለ በሽታው ምክንያት ፍርድሽን በይደር አቆዪ፤ የታመመው ሰው መረዳት እንዳለበት ግን ለይደር የሚቆይ ጉዳይ አይደለም። ባልደረባሽን በተመለከተ፣ ቁርጥ አድርጎ መናገሩ አያስቀናሽ፤ ምርመራው ካለቀ በኋላም ተመልሶ ሕመምተኛውን ያይ እንደሆነ ተመልከቺ። ሴክስቱስ መጽሐፉን የሚጨርሰው፣ ተጠራጣሪ ሰውን ስለሚወድ እንደ ሐኪም ለበረታው ትዕቢት ብርቱ ክርክር፣ ለቀለለው ቀላል ክርክር ያዝዛል በማለት ነው። አንቺም ለልጁ ቀላሉን እዘዢለት፦ «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለሽ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ በደሴ የምኖር ጡረተኛ የታሪክ መምህር ነኝ። ፒሮ አንዲት መስመር አልጻፈም ይባላል። ታዲያ ስለ እሱ የሚነገረውን ሁሉ ከየት አገኘነው? ከታላቁ እስክንድር ጋር ህንድ ድረስ ሄደ የሚባለውስ?

መልስ፦ መምህር፣ የታሪክ ሰው ስለሆኑ ምንጩን መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ለፒሮ ቅርብ የሆነው ምስክር ደቀ መዝሙሩ ቲሞን ነው፤ ፌዝ የተሞላ ግጥም ይጽፍ ነበር፣ የቀረልን ግን ቁርጥራጩ ብቻ ነው። ዋናው ምስክርነቱ የደረሰን በሚገርም መንገድ ነው። አርስቶክሊስ የተባለ የአርስቶትል ወገን ፈላስፋ ፒሮናውያንን ሊያፈርስ ሲነሣ የቲሞንን ቃል ጠቀሰ፤ የአርስቶክሊስን መጽሐፍ ደግሞ የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት ለክርስትና ሲከራከር ቃሉን ጠቅሶ በራሱ መጽሐፍ አስገባው። እርስዎ አውሳብዮስን ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያውቁታል። እንግዲህ ፒሮን ያቆዩልን ሁለቱም ተቃዋሚዎቹ ናቸው። እዚያ የሚነበበው አጭር ነው፦ ደስታን የሚሻ ሰው ነገሮች በባሕርያቸው ምን እንደሆኑ፣ እኛ ለእነሱ እንዴት መሆን እንዳለብን፣ እንዲህ የሆነ ሰው ምን እንደሚያተርፍ ሦስቱን ይመልከት፤ ነገሮች የማይለዩ፣ የማይረጉ፣ የማይፈረዱ ናቸው፤ ስለዚህ ወደ የትኛውም ሳናዘነብል እንቁም፤ ትርፉም መጀመሪያ ዝምታ፣ ቀጥሎ እርጋታ ነው።

የሕይወት ታሪኩ አብዛኛው የመጣው ከካሪስቶሱ አንቲጎኖስ ነው፤ ፒሮ ከሞተ ብዙ ሳይቆይ በሦስተኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ የጻፈ ሰው ነው። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ዲዮጀነስ ላኤርቲየስ ከእሱ የወሰደውን ነው የምናነበው። ለእኔ ከወሬዎቹ ሁሉ ጠንካራው ማስረጃ የድንጋይ ነው። ፓውሳንያስ የተባለው ተጓዥ በሁለተኛው መቶ ዓመት ኤሊስን ሲጎበኝ በገበያው አደባባይ ባለ አዳራሽ የፒሮን ሐውልት አይቷል፤ መቃብሩም ከከተማው አቅራቢያ እንደሆነ ጽፏል። ከሞተ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ያገሩ ሰዎች አልረሱትም ማለት ነው።

ህንድን በተመለከተ፣ ከአናክሳርኮስ ጋር የእስክንድርን ሠራዊት ተከትሎ መሄዱንና እዚያ ራቁታቸውን ከሚኖሩ ጠቢባን ጋር መገናኘቱን ዲዮጀነስ ይነግረናል። እስክንድር ህንድ የነበረው ከ327 እስከ 325 ቅድመ ክርስቶስ ስለሆነ ፒሮ ያን ጊዜ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር። ከነዚያ ጠቢባን አንዱ ካላኖስ ሠራዊቱን ተከትሎ ፋርስ ድረስ መጥቶ፣ ታምሞ ሳለ በእስክንድር ሰዎች ፊት እሳት ላይ ወጥቶ ሳይነቃነቅ ተቃጥሏል። ፒሮ ራሱ ቁስሉ ሲቆረጥና ሲተኮስ ፊቱን እንኳ አላኮሳተረም የሚባለውን ሳነብ፣ ያን እሳት ያየ ወይም የሰማ ሰው ይመስለኛል። ከቡድሃ ትምህርት ተማረ የሚሉም አሉ፤ ሁለቱም በማያከራክር እርጋታ ላይ ስለሚገናኙ ሐሳቡ ይማርካል፣ ግን ፒሮ እዚያ የሰማውን የሚነግረን አንድም ጽሑፍ የለምና እስከዚያ ድረስ አልሄድም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። በሐተታው የምናውቀው ዘርዓ ያዕቆብ ከነፒሮ ወገን ሊቆጠር ይችላል?

መልስ፦ እስከ መንገዱ እኩሌታ አብረው ይሄዳሉ። በግዕዝ የተጻፈው ሐተታ (ደራሲው ማን ነው የሚለው ሌላ ሰፊ ክርክር ነው) ፈረንጁም ግብጹም፣ እስላሙም አይሁዱም «የእኔ ሃይማኖት ነው የቀናው» ይላል፤ ታዲያ በመካከላቸው የሚፈርድ ዳኛ ከወዴት ይገኛል? ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሴክስቱስ ደጋግሞ የሚያነሣው ሙግት ነው፦ ወገኖቹ ተጣልተዋል፣ ዳኛ የሚሆነውም ሁሉ ከወገኖቹ አንዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ይለያያሉ። ሴክስቱስ ዳኛ ስላጣ ፍርዱን በይደር ያቆያል። ዘርዓ ያዕቆብ በሸሸበት ዋሻ ውስጥ ይጸልያል፣ ይመረምራል፣ ዳኛውንም አገኘሁ ይላል፤ እግዚአብሔር በሰው ሁሉ ልብ ያስቀመጠው የልቡና ብርሃን ነው። በዚያ ብርሃን ሰውን መበደልን፣ ባርነትን፣ ሴትን ከወንድ ማሳነስን አንድ በአንድ እየመረመረ ይፈርዳል። ለጎንደሯ ተማሪ ስለ ጨካኙ ገዢ በጻፍኩት ላይ ሴክስቱስ ያጣውን መልስ ዘርዓ ያዕቆብ ሊሰጥ ይሞክራል፤ ሴክስቱስ ደግሞ ያ ብርሃን በሁለት ሰዎች ልብ ሁለት የተለያየ ነገር ቢያሳይ ማን ይፈርዳል ብሎ መልሶ ይጠይቀዋል። ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አድርገው ያንብቧቸው፤ መጀመሪያ ሐተታውን፣ ከዚያ ሴክስቱስን።